ያልወጣው ሽፍታ

ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሁላችንም የምንጠብቀው ብጉር ነበር።

አባዬ የትልቁ አንጀት ካንሰር ይዞት፣ ኬሞው ብቻውን አልበቃ ሲል ዶክተሯ አዲስ መድኃኒት ጨመረችለት። እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቃት ወረቀት ላይ ክብ ሣለች፤ ጠርዙ ላይ እንደ በር ደወል ያለ ነገር አወጣች።

«ይኼ ተቀባይ ይባላል። የዕድገት መልእክት መጥቶ ሲነካው የካንሰሩን ሴል ‹ተባዛ› ይለዋል። መድኃኒቱ ተቀባዩን ይሸፍንና መልእክቱ ውጭ ይቀራል።»

ተመሳሳይ ተቀባይ ቆዳ ላይም ስላለ ፊቱ፣ ደረቱና ጀርባው ላይ ብጉር የሚመስል ሽፍታ እንደሚወጣ ነገረችን። «ሲወጣ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ግን ፀሐይ ያባብሰዋል፣ ከፀሐይ ይራቅ።»

«ካልወጣስ?» አለች እማዬ።

«እንጠብቃለን።»

ጠበቅን። እማዬ ቁርስ ስታቀርብለት ዓይኗ አፍንጫው ላይ ነው። እኔም ግጥም መጻፌን ትቼ ጉንጩን ሳነብ እውላለሁ። ሳምንታት አለፉ፤ ፊቱ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው።

አንድ ቅዳሜ የድሮ ባልደረባው፣ የለቡ መስመር ታክሲ ሾፌር፣ ብርቱካን ይዞ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ፊትህ እንዴት ነው የጠራው! ሙሽራ መስለሃል እኮ! በሽተኞቹስ እኛ ነን።»

«ቁጭ ብዬ ስበላ ነዋ» ብሎ አባዬ ሳቀ።

እማዬ ሻይ ላምጣ ብላ ወጥ ቤት ገብታ ቀረች። ስሄድ ሻዩ ገንፍሎ ይፈሳል፤ እሷ ግድግዳውን እያየች ቆማለች።

በማግስቱ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ ከጎፋ ስመለስ አባዬን በረንዳ ላይ አገኘሁት። ወንበሩን ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ የሸሚዙን ቁልፎች ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ቀና አድርጓል። ዕድሜውን ሙሉ በመስኮቱ በኩል ያለው ግራ ክንዱ እየጠቆረ ታክሲ የነዳ ሰው ነው፤ ፀሐይ አያስፈራውም።

«አባዬ! ፀሐይ ተከልክለህ የለም እንዴ?»

«ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ያባብሰዋል አላለችም ዶክተሯ? እዚያ ውስጥ ካለ ፀሐይ ያውጣው ብዬ ነው።»

እጁን ይዤ አስገባሁት። ግንባሩና አፍንጫው ቀልቷል፤ ጉንጩ ላይ ጥቃቅን ነገሮች ያበጡ ይመስላል።

«ወጣ እንዴ?» አለኝ።

ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። ሽፍታ ይሁን የፀሐይ ቃጠሎ መለየት አቃተኝ። የምንጠብቀውን ምልክት በገዛ እጁ አበላሽቶታል። እውነቱን ሊነግረን የሚችለው ፀሐይ ያልነካው ጀርባው ብቻ ነው።

«ዙርና ጀርባህን ልየው።»

የሸሚዙን ጫፍ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። «ይቅር።»

«አንዴ ብቻ፣ አባዬ።»

«ምንም ባይኖርስ?»

እሱ የሸሚዙን ቁልፎች ከታች ጀምሮ እስከ አንገቱ ቆለፋቸው። እኔም ተው አላልኩትም።