ቴሌቪዥኑ ጋለ

ዛሬ በጋሽ ሞላ ቀብር ላይ ቆሜ ሳለሁ «ወንድሜ! ወንድሜን!» የሚል ጩኸት ከለቀስተኛው ሁሉ ልቆ ከኋላዬ መጣ።

ልጅ ሆኜ፣ ደብረ ታቦር ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ጋሽ ሞላ ቤት ብቻ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ፊልም እናያለን። ቋንቋው ባይገባንም ነገሩ ገብቶናል። በአንዲት ትንሽ ከተማ ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው ጓደኛውን ከድልድይ ገፍትሮ ይገድላል። ማንም አላየውም። በማግስቱ ቀብሩ ላይ ሳጥኑን አቅፎ ከዘመድ አብልጦ ያለቅሳል።

ከእናቴ ጎን እትዬ የሺ ተቀምጠዋል። ባላቸው የጋሽ ሞላ የልብ ጓደኛ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ወንዝ ውስጥ ሞተው ተገኝተዋል። እትዬ የሺ ዓይናቸውን ከፊልሙ ሳይነቅሉ፣ በዝግታ፣

«እሱም እንዲሁ ነው ያለቀሰ» አሉ።

ጋሽ ሞላ ተነሥተው ማጥፊያውን ቀጭ አደረጉት።

«ጋለ፤ ይረፍ።»

ብርሃኑ እየጠበበ ሄዶ አንዲት ነጭ ነጥብ ሆነና ጠፋ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «እማ፣ ሰውዬው ተያዘ?» አልኋት።

እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው። «ያየሽው ፊልም ነው። ሌላ ያየሽው የለም።»

ጩኸቱ አሁንም ከኋላዬ አላባራም። ዞር አልሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ከዘመድ አብልጠው የሚያለቅሱት እትዬ የሺ ነበሩ።

ዓይናቸው ደረቅ ነበር።