የፈንታ ማሳ ሲጸዳ

ፈንታ ይመር ሰው ማሳፈር አይችልበትም። ባምባሲ ዙሪያ ይህን የማያውቅ የለም፤ ያወቀም ሁሉ ተጠቅሞበታል። አንዱ ጎረቤት «ለሁለት ቀን» ብሎ በሬውን ወስዶ ወራቱን ሙሉ ሲያርስበት፣ ፈንታ መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር የሚጠይቀው የበሬውን ጤንነት ነበር። ቤተሰቡ በደርግ ጊዜ ከወሎ ሲሰፍር በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው የመጣው። ዛሬ አርባውን አልፏል፤ አምስት ልጆችና ሦስት ጥማድ በቆሎ አለው። ልጆቹ እስከ ሰኔ የሚበሉት ያንኑ በቆሎ ነው።

የበቆሎው ጠላት ዝንጀሮ ነው። ከቀርቀሃው ጫካ በመንጋ ይወጣና እሸቱን አንዱን ነክሶ ይጥላል፣ ሌላውን በብብቱ ሸጉጦ ይሄዳል። ፈንታ መላ ያበጀለት በሦስት ክረምት ልፋት ነው። ማሳውን ዙሪያውን በሲባጎ አጥሮ ሃይላንድ፣ ፌስታልና ጠጠር የገባበት የቲማቲም ጣሳ አንጠለጠለበት። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የካሴት ክሩ ነበር። ተወጥሮ ነፋስ ሲነካው ያጉረመርማል፤ ዝንጀሮ ደግሞ ባለቤቱን ያላየውን ድምፅ አይወድም። ክሩን ያገኘው ከተዘጋ ሙዚቃ ቤት ነው፤ ዛሬ ካሴት የሚሸጥ ቀርቶ የሚጥልም የለም። ማሳው ከሩቅ ሲያዩት የቆሻሻ መጣያ ይመስላል። እውነት ለመናገር ከቅርብም ይመስላል። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እሸት አልጠፋበትም።

መስከረም አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ አሥር ጎብኚዎች መጡ። እንደማንኛውም ጎብኚ እንዳይመስሏችሁ፤ ኃላፊነት የሚሰማቸው ናቸው። ይህንንም ከመኪና ሳይወርዱ ተናግረዋል፣ ቲሸርታቸው ላይም ተጽፏል። ሣር እንዳይጎዳ በአንድ መስመር ይሄዳሉ። ቅጠል አይቀጥፉም። አበባ ፎቶ ሲያነሱ እንኳ ፈቃድ የሚጠይቁት ይመስላሉ። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው በሁለት ትልልቅ መኪና ስለመጡበት ጭስ ግን ማንም አላነሳም፤ ጭሱ መንገድ ላይ ቀርቷላ። ድንኳናቸውን በፈንታ ፈቃድ ማሳው ዳር ተከሉ። መሪያቸው ሕሊና የምትባል ቅን ወጣት ናት። ክፋት የሚባል አልፈጠረባትም፤ መከራውም የመጣው ከዚያ ነው።

በነጋታው ፈንታና ሚስቱ ብዙወርቅ ልጆቻቸውን ይዘው ጎረቤት መንደር ለቅሶ ዋሉ። ብዙወርቅ ከልጆቹ ጋር እዚያው አደረች፤ እሱ ከሰዓት ብቻውን ተመለሰ። ማሳው ጸድቷል። ክር የለ፣ ጣሳ የለ፣ ፌስታል የለ፤ ያለው አረንጓዴ በቆሎ ብቻ ነው።

«ጋሼ ፈንታ! ስድስት ጆንያ ሞላ!» አለች ሕሊና ፊቷ በደስታ እየበራ። «ሳንጨርስ እንዳይመጡብን ፈርተን ነበር። ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ፕላስቲክ እዚህ ማን ጣለው?»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይሄ ነው። ፈንታ አፉን ከፈተ። መናገር ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጆንያዎቹም እግሩ ሥር ናቸው። ግን እጆቻቸውን አየ። ሁሉም ጭቃ ናቸው። አንዷን ጣሳ ቆርጧት ጣቷን በፋሻ ጠቅልላለች። እንዲህ የደከመን እንግዳ እንዴት ተደርጎ «አጠፋህ» ይባላል?

«ነፋስ ነው» አለ ፈንታ። «ነፋስ ያመጣዋል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ደከማችሁ።»

አጨበጨቡለት። መሃላቸው አቁመው ፎቶ ተነሱ። ከዚያ «ያገኘነውን ቆሻሻ ይዘን እንወጣለን» ብለው ጆንያዎቹን መኪና ላይ መጫን ጀመሩ፤ ፈንታም አገዛቸው። በዕድሜው ኩንታል ተሸክሟል፣ እንደዚያ ባዶ ጠርሙስ ግን የከበደው ነገር የለም።

መኪናዎቹ እንደሄዱ የበርታው ጎረቤቱ ጀዕፈር ከማንጎው ሥር ብቅ አለ።

«ፈንታ፣ ያንተ ዘበኛ የት ሄደ?»

«አዲስ አበባ።»

«ወላሂ፣ ነገ ለዝንጀሮ ዒድ ነው» አለ ጀዕፈር።

ጀዕፈር አልተሳሳተም። ጎህ ሲቀድ ከጫካው ወጡ። ፈንታ፣ ረፋዱ ላይም ከለቅሶ የተመለሱት ብዙወርቅና ልጆቹ፣ ድስት እየደበደቡ ቢሯሯጡም፣ በአንድ ጫፍ ሲያባርሯቸው በሌላው ይገባሉ። በአራተኛው ቀን ከማሳው የሚበዛው አገዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። ፈንታ የተገነጠለውን ቆረቆንዳ እየለቀመ ተናደደ። የተናደደው በዝንጀሮ አልነበረም፣ በጎብኚዎቹም አልነበረም፤ በገዛ ምላሱ ነበር።

በሳምንቱ ሕሊና ደወለች። ፈንታ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

«ጋሼ፣ ፎቶዎን ሰው ሁሉ ወደደው! በሚቀጥለው ወር ሃያ ሆነን እንመጣለን። የጎረቤቶችዎንም ማሳ እናጸዳለን።»

ፈንታ ጀዕፈርን አሰበ፣ የጀዕፈርን ማሽላና ዙሪያውን የተንጠለጠለውን ጣሳ አሰበ።

«ልጄ» አለ በመጨረሻ፣ «ያ ቆሻሻ አልነበረም። የዝንጀሮ ማስፈራሪያ ነበር።»

«በቆሎውስ?»

«ግማሹ አለ» አለ። ሩቡም አልነበረም።

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?» አለች ሕሊና።

«እንግዳ ናችሁ። እንዳታፍሩ ብዬ ነው።»

ብዙወርቅ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። «ልጄ፣ እሱ ሰው እንዳያፍር ይላል፤ ጦማችንን የምናድረው ግን እኛ ነን። ስትመጡ፣ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ። እሱን አይደለም፣ እኔን።» ስልኩን መለሰችለትና የተረፈውን ለመጠበቅ ወንጭፏን አንስታ ወጣች።

ከስልኩ የሕሊና ልቅሶ ይሰማ ነበር። አምስቱም ልጆች ደጃፉ ላይ ቆመው አባታቸውን ያዩታል።

«አይዞሽ» አላት ፈንታ፣ «ምንም አልሆነም።»