ምትክ የክርስትና እናት

ስሜን አልጽፈውም፤ ትርጉሙ ግን በአጭሩ ምትክ ማለት ነው። ከእኔ በፊት የተወለደው ወንድሜ በሕፃንነቱ ሞቶ ነበርና፣ እናቴ እኔን ስትወልድ ቤተሰቡ ተጽናናና ይህን ስም አወጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ከቃሉ ወጥቼ አላውቅም። የጎረቤት ሠርግ ላይ አንዷ ሚዜ ስትታመም በሷ ልክ የተሰፋ ቀሚስ ለብሼ፣ ሳልተነፍስ ቆሜ ውያለሁ። ተመርቄ ሥራ ስወዳደርም ስሜ የተለጠፈው «ተጠባባቂ» ከሚለው ሥር ነው።

በመጨረሻ ቡሬ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት ቀጠረኝ። የባዮሎጂ አስተማሪዋ የወሊድ ፈቃድ ወጥታ ስለነበር፣ እሷ እስክትመለስ ነው። ተማሪዎቹ አንድም ቀን አላስረሱኝም።

«ቲቸር፣ ዋናዋ ቲቸር መቼ ነው የሚመጡት?»

«ሲመጡ ታያቸዋለህ።»

«እርስዎስ ከዚያ የት ይሄዳሉ?»

እኔም የማላውቀውን ነው የሚጠይቀኝ።

አስተማሪዋ የወለደችው ሴት ልጅ ነበር። ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ክርስትናው ላይ ጠራችኝ። የሄድኩት ለድግሱ ነው፣ ምን እዋሻለሁ። የክርስትና እናት የምትሆነው ከደብረ ማርቆስ የምትመጣ የልጅነት ጓደኛዋ ነበረች። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ቆመን ስንጠብቅ ግን ስልክ ተደወለ፤ የጓደኛዋ መኪና ደምበጫ ላይ ተበላሽቷል።

ቄሱ መጽሐፋቸውን ገልጠው ቆመዋል። ዘመዱ ከየገጠሩ ተጠርቷል። ቀኑን ማሳለፍ አይታሰብም። እዚያ ያሉት ሴቶች ሁሉ ደግሞ የሥጋ ዘመድ ናቸው፤ ለክርስትና የሚፈለገው ባዳ ነው። አስተማሪዋ ዙሪያዋን ቃኘችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«አንቺ ያዥልኝ።»

«እስክትደርስ ነው?»

«ያዥልኝ ብቻ፣ እህቴ።» እንባዋ መጥቷል።

ያዝኩ። ልክ እንደ ክፍሏ፣ እንደ ጠመኔዋ፣ ዋናዋ ስትመጣ የማስረክባት መሰለኝ። ጸሎቱ ሲረዝምብኝ ጊዜ፣ ርቦኝም ስለነበር፣ «አባ፣ ትንሽ ቶሎ ቢሉልን» አልኩ።

«ሰይጣን በችኮላ አይካድም፣ ልጄ» አሉኝ።

ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን ካድኩ፤ እሱንም በሕፃኗ ምትክ። ተጠምቃ ስትወጣ እንደረጠበች ክንዴ ላይ አኖሯት። ነጠላዬን ጨምድዳ ይዛ ጮኸች።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ጓደኛዋ ከአንድ አይሱዙ ላይ ስትወርድ አየናት። አቧራ ለብሳለች፣ በፌስታል ነጭ ቀሚስ ይዛለች። እኔ ደስ ብሎኝ ልጅቷን ዘረጋሁላት።

«እንኳን ደረስሽ። ተቀበይኝ፣ ምትክሽ ነበርኩ።»

ቄሱ ከኋላችን ሰሙኝ። «ማንን ነው የምታስረክቢው? እንግዲህ ልጅሽ ናት። ሌላ የክርስትና እናት የላትም።»

«አባ፣ እኔ እኮ ጊዜያዊ ነኝ።»

«ያልሆነ ማን አለ?» ብለው ጥለውኝ ሄዱ።

ጓደኛዋ ፌስታሉን ክንዴ ላይ አንጠለጠለችና «በይ እንግዲህ አልብሻት» አለችኝ። የፊቱን ወደ ኋላ አድርጌ አለበስኳት። አስተማሪዋ ልጇን አየቻት፣ እኔንም አየችኝ፤ ምን እንዳሰበች መገመት አይከብድም። ለዕድሜ ልክ የሚሆን ሰው ነበር የፈለገችው፣ ያገኘችው ግን ድግስ ልትበላ የመጣችውን እኔን ነው።

ፈቃዷ አልቆ ስትመለስ ክፍሉ በጭብጨባ ተቀበላት። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ፍኖተ ሰላም፣ እናቴ ቤት ገባሁ። ሥራው በዚያው አለቀ፤ ስልኩ ግን አላለቀም። «አበልጄ፣ ልጅሽ ጥርስ አወጣች።» «አበልጄ፣ ልጅሽ ተቀመጠች።» ያለ እኔ የማይሆን ነገር ይኑር ብዬ ስመኝ የኖርኩ ሰው፣ ስልኩ ሲጮህ «ደግሞ ምን አመጣች» እላለሁ።

ለፋሲካ ስትጠራኝ መሄዱ ደበረኝ። ሥራ የለኝ፣ ለልጅቷ የምሰጣትን ቀሚስ እንኳ የገዛችው እናቴ ናት። ደወልኩና «ታናሽ እህቴን ብልካትስ?» አልኳት።

«ምትክ አልቀበልም፣ አበልጄ። ራስሽ ነይ።»

እየተነጫነጭኩ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቡሬ ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ አስተማሪዋ ናት፣ ልጅቷን ታቅፋ። «ይችውልሽ፣ እናትሽ መጣች» ብላ ሰጠችኝ። ልጅቷ ፊቴን አንድ ጊዜ አየችና እሪ አለች።