የሞተሩ እጅጌ

ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ከአባቱ የወረሳት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ደንበኞቹ አርጅተው ከቤት መውጣት ሲያቅታቸው ጊዜ ግን ሱቋን ዘጋና ሞተር ሳይክል ገዛ። «እነሱ መምጣት ካልቻሉ እኔ እሄድላቸዋለሁ» አለ። መቀሱን፣ ምላጩንና ቶንዶሱን በቆዳ ቦርሳ አንግቦ ቤት ለቤት ይዞር ጀመር። የአባቱን ወንበር እቤታችን፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው።

ታላቅ ወንድሙ በዚህ ተቀየመ። «የአባታችንን ሱቅ ዘግተህ እንደ ፖስተኛ ትዞራለህ?» አለው። ባለቤቴም መለሰለት፤ መልሱን ዛሬም ቢሆን አልጽፈውም። ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ። ወንድምየው አናጢ ነው፤ የሥራ ቦታው መንገዱ የሚታጠፍበት ላይ ነው። ባለቤቴ እዚያ ሲደርስ አንገቱ ይደርቃል፤ ወደ ፊት ብቻ ያያል።

ነገሬ ግን ስለ ብርዱ ነው። ሞተር ላይ ለተቀመጠ ሰው ብርድ መጀመሪያ የሚይዘው ጣቱን ነው። የሱፍ ጓንት ሠራሁለት፤ ነፋሱ እንደ ወንፊት አለፈው። የቆዳ ገዛ፤ ከውፍረቱ የተነሳ ፍሬን ይያዝ ይልቀቅ አይታወቀውም። ከጓንቱ ሥር ፌስታል አጠለቀ፤ እጁ አላበውና ጭራሽ ባሰበት። መብራት በያዘው ቁጥር ጎንበስ እያለ ሞተሩን ይሞቅ ነበር፤ አንድ ቀን የቀኙ ጓንት ተቃጠለና ግራው ብቻውን ቀረ።

ከደንበኞቹ አንዱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። ማለዳ ሄዶ ጣቱን አንገታቸው ላይ ቢያሳርፍ፣ ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ የነካኸኝ አንተ ነህ ወይስ ሊወስደኝ የመጣ አለ?»

«እኔው ነኝ ጌታዬ፤ ብርዱ ነው።»

«እንግዲህ ጣትህን ሳታሞቅ እንዳትመጣ። ቀጠሮዬ ገና ነው።»

ሳቁለት እንጂ ምላጩ እጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጆሯቸውን ጫር አድርጎት ነበር። እሱ አልሳቀም። እጁ ከተንቀጠቀጠ እንጀራው አበቃ፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

አሮጌ ካፖርቴን ቀደድኩት። ውጪውን ሸራ፣ ውስጡን የካፖርቱን ሱፍ አድርጌ ሁለት ሰፋፊ እጅጌ ሰፋሁና በመሪው ጫፎች ላይ፣ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን ጨምሬ አለበስኳቸው። ባዶ እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ነፋስ አይደርስበትም።

«ሞተሩን ሱሪ አለበስሽው» አለኝ።

«አንተ ብቻ አትውደቅ እንጂ ቀሚስም ቢሆን አለብሰዋለሁ።»

በማግስቱ እጁ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ሞቆ ነበር። ዳኛው ሲላጩ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ደስታችን ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ወሬ መጣ። ባለቤቴ ድሮ መንገዱን የሚያልፈው ግራ እጁን ለሁሉ እያነሳ ነበር፤ አሁን እጁ እጅጌው ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ለዳቦ ሻጯ እጁን አውጥቶ ሰላም ቢል፣ መልሶ ቀዳዳውን ሲፈልግ ፍሪሲዮኑ አመለጠውና ቅርጫቷ አጠገብ ተጋደመ። ከዚያ ወዲህ እጁን አላወጣም። አንገቱን ዝቅ ቢያደርግም ከራስ ቁሩ የተነሳ ማን አይቶለት።

ዳቦ ሻጯ ያዘችኝ። «እትዬ፣ ባልሽ ምን ሆኗል? እጁን ባንክ አስቀመጠው እንዴ?»

«በርዶት ነው እኮ።»

«እኛስ ምድጃ ላይ ነው የቆምነው? የእግዜር ሰላምታ ነፈገን።»

ኮራ ተባለ። በዚያው ሳምንት ሦስት ቤቶች «ለጊዜው ይቆየን» አሉት። እሱም ገባና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ያንን ነገር አውልቂልኝ» አለኝ። «ሰው ከማጣ ጣቴ ይርገፍ።»

«እጅህ ከተንቀጠቀጠም እኮ ሰው ታጣለህ። እስከ ነገ ታገሠኝ።»

ብቻውን የቀረውን ግራ ጓንት ጥጥ ሞላሁት። ከተሰበረ ሶፋ ሞላ አወጣሁና ከጓንቱ ሥር ሰፋሁት፤ መዳፉን ከፍቼ ከሞተሩ መስታወት ዘንግ ጋር በሽቦ አሰርኩት። ሞተሩ ሲነሳ ጓንቱ ይወዛወዝ ጀመር፤ ገና ከግቢ ሳይወጣ እኔን ተሰናበተኝ።

«መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው» አለ።

«መሳቂያ ከኩሩ ይሻላል» አልኩት።

እውነትም ሰው ሳቀ፤ እየሳቀ ግን እጁን አነሳለት። ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር ሰላምታ መለሰ። «ለጊዜው ይቆየን» ያሉትም አስጠሩት። ጓንቱ ደግሞ ሰው አይመርጥም፤ ለውሻውም፣ ለመብራት ምሰሶውም ሰላም ይላል።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ወንድምየው ነው፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። ፀጉሩ አይጥ የቀመሰው ይመስላል። ገባና ከባለቤቴ ፊት ቆመ።

«ዓይኔ ደክሟል፤ እጅህን ግን አየሁት» አለው። «አንድ ቀን ተሳስተህ ነው ብዬ ተውኩት። አራት ቀን በተከታታይ ሰላም ስትለኝ ግን ቤቴ መቀመጥ አቃተኝ።»

ባለቤቴ አየኝ። አናጢው በር ላይ መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ጓንቱ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ሁለታችንም ገባን። ባለቤቴ ደግሞ መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነው። ዓይኔን መርፌዬ ላይ ተከልኩ፤ ዝም በል፣ ዝም በል እያልኩ በልቤ።

«አራት ቀን ሙሉ ሳትመልስልኝ ነው እንግዲህ» አለው ባለቤቴ። «ተቀመጥ ጋሼ። ይህን ፀጉርህን ማን ነው እንዲህ ያረገው?»

«ስድስት ዓመት ያልቆረጠኝ የለም። ጆሮዬን ሁለት ጊዜ።»

በአባታቸው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባለቤቴ ጣቱን አንገቱ ላይ ሲያሳርፍ ወንድምየው ዓይኑን ጨፈነ።

«እጅህ ይሞቃል» አለ።

«እሷ ናት» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ።

ወንድምየው ሲወጣ ግቢው ውስጥ ሞተሩን አየ። ተጠጋ፤ ጓንቱን ነካው፤ ጓንቱም ተወዛወዘ። እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። እሱ ግን ጓንቱን እንደ ሰው ጨበጠው፣ ረገብ ረገብ አደረገው።

«ይሄ ሰውዬ ከሁለታችንም ይሻላል» አለ። ከዚያ ሽቦውን በጣቱ ፈተሸ። «ማሰሪያው ላልቷል፤ ሊወድቅባችሁ ነው። ነገ ስታልፍ ቁም፤ ደህና የእንጨት መያዣ እሠራለታለሁ።»

ባለቤቴ ቆመ። ከዚያ ወዲያ እዚያች መታጠፊያ ላይ ሳይቆም ያለፈበትን ቀን አላስታውስም። ዛሬ ሁለቱም የሉም፤ ጓንቱ ግን ከነሞላውና ከነእንጨቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መሳቢያውን ሳብ ሳደርገው ይወዛወዛል፤ እኔም እጄን አነሳለታለሁ።