የጨው ውሃ ሒሳብ

ዛሬ ከቧንቧ የቀዳሁት ውሃ ጨው ጨው ሲለኝ ጋሽ ታደሰ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ጅቡቲ፣ ወደ የመን ሊሻገሩ የመጡ የእናቴ የአገሯ ሰው ነበሩ። አስተማሪ ነበሩ። ጀልባ እስኪገኝ እኛ ቤት ሰነበቱ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሙቀቱ ደብተሬን ከክንዴ ጋር እያጣበቀው፣ በፈረንሳይኛ የተሰጠኝን ጥያቄ ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ ስምንት ከመቶው ጨው የሆነ አሥር ሊትር ውሃ፣ ጨዉ አምስት ከመቶ እንዲሆን ስንት ሊትር ንጹህ ውሃ ይጨመርበት?

«የሚጨመረውን ኤክስ በይው» አሉኝ። «ጨዉ ያው ነው፤ የሚበዛው ውሃው ብቻ ነው።»

«ጨዉ ካልቀነሰ ታዲያ ጣዕሙ እንዴት ይቀንሳል?»

ሊመልሱልኝ ሲሉ ጀልባ ያገኘላቸው ደላላ በሩን አንኳኳ። እናቴ እጃቸውን ይዛ «ጋሼ፣ ባሕሩ አይታመንም፤ ይቅርብዎት» ብላ ለመነቻቸው።

እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ጨርሺው፤ ስደርስ ደውዬ መልሱን እጠይቅሻለሁ» አሉኝና ወጡ።

ብዙ ደምስሼ ስድስት ሊትር አገኘሁ። አልደወሉም።

እናቴ አንዳንዴ «ደርሰው ረስተውን ነው» ትላለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ስማቸው ሲነሳ ታማትባለች። እኔ ረስተውን በሆነ እላለሁ። ሰው እንዲረሳኝ መመኘቴ ራሴንም ግራ ያጋባኛል።