በበርበሬ ተራ የተመዘነ ቃል

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ዓመታት እናቴ ቡታጅራ ገበያ፣ በርበሬ ተራ ትሸጥ ነበር። በዚያ ተራ የተንኮል ቃላት እንደ ሸቀጡ ሁሉ ደረጃ ነበራቸው። ፈጣን ፈረስ ጮሌ እንደሚባል ሁሉ ዋጋ ቶሎ የሚገባው ነጋዴም ጮሌ ይባላል፤ ማንም አይቀየምም። ከአዲስ አበባ የተመለሰ ጎረምሳ በዚያው ከተማ የገበያ ሰፈር ስም «አራዳ» ሲሉት ደስ ይለዋል። «አጭበርባሪ» የተባለ ግን ሽማግሌ ሳያስቀምጥ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ቃሉ ከጸናበት ተራውን ይለቃል።

አንድ የገበያ ቀን ይህ ቃል እናቴ ላይ ወደቀ። ከቡኢ ከተማ የምትመጣ ነጋዴ ደንበኛዋ ባለፈው ገበያ የገዛችውን ጆንያ አሸክማ መጥታ ፊቷ ዘረገፈችው። ከላይ ደማቅ ቀይ የነበረው በርበሬ ከሥሩ የነጣ ነበር።

«አጭበርባሪ ነሽ» አለቻት፣ ተራው ሁሉ እየሰማ።

እናቴ ሽማግሌ አስጠራች። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንበላው ከዚያች መቀመጫ ነበር። ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም የእህል ነጋዴ፣ ከሳሿን ጠየቁ።

«ቃሉን ታጸኚዋለሽ?»

«አጸናዋለሁ፣ አባባ።»

«ማጭበርበር ዓይን መያዝ ነው። ፀሐይ ዓይን ሲያጭበረብር አላየሽም? ጆንያውን እንዳታዪ ከለከለችሽ?»

«አልከለከለችኝም።»

«እጅሽን ወደ ሥር ሰደድሽ?»

«መኪናው ሊነሣ ሆነብኝ፤ ቸኮልኩ።»

«እንግዲያ ያጭበረበረሽ ሾፌሩ ነው» አለ ከወዲያ አንድ ጨው ነጋዴ። ሰዉ ሳቀ፤ ሴትዮዋም ሳትወድ ፈገግ አለች።

ሽማግሌው ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺስ፣ ልጄ፣ የሥሩን ታውቂ ነበር?»

ብትክድ የሚያስረዳባት አልነበረም። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «አውቅ ነበር» አለች። «አልጠየቀችኝም፤ አልነገርኳትም።»

ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተመካክረው ፈረዱ፤ ሴትዮዋ ቃሏን ታንሣ፣ እናቴም የነጣውን በቀይ ትለውጥ። «በለጥሻት እንጂ ዓይኗን አልያዝሽም» አሏት አዛውንቱ። «ብልጥ ብትልሽ ግን ክስ ይዘሽ እንዳትመጪብን።»

በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስገባ መምህራችን «ብልጥ»ን ከ«በለጠ»፣ «ማጭበርበር»ን ዓይንን ከሚወጋ ብርሃን ጋር አያይዘው አስረዱን። በበርበሬ ተራ ሰምቼው ስለነበር፣ ማስታወሻ ከመያዝ በቀር የጨመርኩት ነገር አልነበረም።

እናቴ መቀመጫዋን አላጣችም። የቡኢዋ ሴትም መግዛቷን አልተወችም፤ በመጣች ቁጥር «ብልጢት፣ እንዴት ከረምሽ?» ትላታለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ?» ትላለች እናቴ፣ ሳትስቅ። ገዢዋ እጇን ወደ ጆንያው ከመስደዷ በፊትም በርበሬውን እስከ ታች ሰሌን ላይ ትገለብጥላታለች። የጎን ሻጮቹ «በርበሬሽን ፀሐይ ሊጨርሰው ነው» እያሉ ያሾፉባታል። እርሷ ግን ለማንም ገዢ፣ ላልጠየቃትም ቢሆን፣ ሳትገለብጥ አልሸጠችም።