እንቅልፋችንን ይጠይቁ የነበሩት አጎቴ

አጎቴ ሰበታ ባለው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካችን የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበሩ። ሰላምታቸው «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ነበር።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን መንገድ ሲዘጋ፣ የመጣነው ጥቂቶች የቀሩትን ሰዎች ሥራ ደርበን እንሠራ ነበር። አንድ ቀን ባልደረባዬ ጫልቱ ተኩስ ሰምታ ማሽኗን አቆመችና ቤቴ ልሂድ አለች። ልጆቿ ቤት ብቻቸውን ነበሩ።

አለቃችን «ሰበብ ነው» አለ።

አጎቴ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ቤትሽ ግቢ» አሏትና ወደ እሱ ዞሩ። «እንዲህ የደከመ ሰው እጁን ለማሽን ይሰጣል። እረፍት ከሌለ ሥራ እናቆማለን።»

ያባርራቸዋል ብዬ ፈራሁ። አለቃው ግን እያጉረመረመ ተስማማ፤ በየተራ ማረፍ ጀመርን።

ረብሻው ሳይበርድ አጎቴ ታመው ሞቱ። ትናንት ጫልቱን የማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ሰሞኑን ልቤ እየመታ አላሠራ አለኝ። አሁን ለማን ልንገር?» አለችኝ።

«እንቅልፍ እንዴት ነው?» አልኳት።